ስንዱና ጎርፉ በአንድ በር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴን ከሁሉ የሚያናድዳት ዝናብ ሲጥል ጃንጥላዬን ይዤ መውጣቴ ነው። ሰው ዝናብ ሲመጣ ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እኔ ከቤቴ እሮጣለሁ። «ሃያ አራት ዓመት እየተከፈለህ በሰበስህ፤ አሁን ደግሞ በነፃ ጀመርህ?» ትለኛለች ጥሩወርቅ። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ የተነጠፈ ኮብልስቶን አለ፤ ውሃው ቦዩን ትቶ ወደ አንዲት ባልቴት አጥር ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ቀበሌ ሄጄ ተናገርሁ። በሦስተኛው ጸሐፊዋ ለጓደኛዋ «እኚህ ሰውዬ ጡረታ አልወጡም እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ወጥቻለሁ። ጋቢም ተሸልሜያለሁ፣ የግድግዳ ሰዓትም ተሰጥቶኛል፤ ዓይኔን ግን ማን ጡረታ ያወጣልኛል?

ሥራዬ ምን እንደ ነበር ለሰው ለማስረዳት ስቸገር ነው የኖርሁት። የመዘጋጃ ቤቱ ወረቀት «የግቢ ማስተካከልና ማስዋብ ቴክኒሽያን» ይላል። የሰፈር ሰው አበባ ተካይ ይለኝ ነበር። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ቦይ ቆፋሪ እንደ ሆንሁ ነበር የሚያምኑት፤ ከሁሉ ለእውነቱ የቀረቡት እሳቸው ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ሲሠራ ሕንፃው የመሐንዲሱ ነው፤ ከግድግዳው ወዲህ ያለው መሬት ግን የእኔ ነበር። የቱ ጋ ይቆረጥ፣ የቱ ጋ ይሞላ፣ ዝናቡ በየት ይውረድ፣ ሰውስ በየት ይግባ የምለው እኔ ነኝ። ዝናቡና ሰው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ጉዳይ መሆናቸውን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ያውም ሰው ጎድቼ ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱው ነው።

ደብረ ማርቆስ ስቀጠር የተሰጠሁት ለጋሽ ይስማው ነበር። ጋሽ ይስማው ፎርማን ናቸው፤ ወጣትነታቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት ይዤ ስለ መጣሁ የማውቅ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የቅየሳ መሣሪያውን ልሸከም ስል «እሱን አስቀምጠው» ብለው አንድ ጆግ ውሃና በፌስታል የጤፍ ገለባ አስያዙኝ። ቦታው ስንደርስ ውሃውን በተረገጠው መሬት ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱ፣ ገለባውን በላዩ በተን አደረጉ፣ ከዚያ ቁጢጥ አሉ።

«አየኸው?» አሉኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ።

«ምኑን?»

«እንግዲያ እስክታየው እንቀመጣለን።»

እግሬ ደነዘዘ። በመጨረሻ አየሁት። ለዓይኔ ወደ በሩ የሚያዘነብል የመሰለኝ መሬት ገለባውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድግዳው ሥር ይወስደው ነበር። ያን ዕለት መሣሪያውን ሳንከፍት ወደ ቢሮ ተመለስን፤ እኔም ገለባ ተሸክሜ የመንግሥት ሥራ ጀመርሁ ብዬ ለእናቴ ለመናገር አፈርሁ።

መሣሪያ ይጠሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ከሁሉ የሚወዱት ግን ጎማ ውሃ ልካቸውን ነበር። ሃያ ሜትር የሚሆን ነጭ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ውሃ ተሞልቶ አንዱን ጫፍ አንድ ችካል ላይ፣ ሌላውን ሌላ ችካል ላይ ይይዙታል። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ በምልክቱ ሲባጎ ትወጥራለህ፣ ከሲባጎው ወደ መሬት ትለካለህ። በቃ። ቱቦው ውስጥ አንዲት አረፋ ካለች ግን ይዋሻል። ጋሽ ይስማው አረፋዋን ፍለጋ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየነኩ ሲሄዱ ሕፃን የሚዳብሱ ይመስሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። «ቦታ ሁለቴ ይኬዳል» ይሉኛል። «አንዴ እንደ ውሃ ሂድ። አንዴ ደግሞ ሸክም እንደ ያዘ ሰው ሂድ።»

እንደ ውሃ መሄዱን የተማርሁት ደምበጫ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ስናስተካክል ርእሰ መምህሩ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ይበልልኝ አሉ።

«መምህር፣ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ቢፈስ ምን ያደርጋሉ?» አሏቸው ጋሽ ይስማው።

«እጠርገዋለሁ።»

«ይህን ሁሉ ሜዳ ማን ይጠርግልዎታል?»

መምህሩ ሳቁና ተውልን። ሜዳውን በየአሥር ሜትሩ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያደረግን ወደ ጎን አዘነበልነው። ዓይን አያየውም፣ ኳስም አይንከባለልበትም፤ ውሃ ግን ያውቀዋል። በሐምሌ ተመልሰን ሄደን ስናየው ልጆቹ ዝናቡ ባባራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሜዳው ላይ ይሯሯጡ ነበር። ጋሽ ይስማው ያን ቀን ሻይ ጋበዙኝ፤ እሳቸው ዘንድ ይህ ምስጋና ነው።

እንደ ባለ ሸክም መሄዱን ደግሞ አምበር ከተማ ላይ በሥጋዬ ነው የተማርሁት። ለውሃ ቦኖው መውረጃ ሦስት የድንጋይ ደረጃ ሠርቼ፣ በሳምንቱ አምሮልኝ ቆሜ አየው ነበር። ጋሽ ይስማው መጡ፣ አዩት። ሃያ ሊትር ጀሪካን አስሞልተው በገመድ ጀርባዬ ላይ አሳሰሩብኝና «ውጣ፣ ከዚያ ውረድ» አሉኝ። የገበያ ቀን ነው፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ። ስወጣ ደህና ነበርሁ። ስወርድ ግን የመጨረሻዋ ደረጃ ከሌሎቹ በአራት ጣት ጠልቃ ኖሯል፣ እግሬ አጣት፣ ጭቃው ላይ ዘጭ አልሁ። ገበያተኛው በሳቅ ሞተ። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት «እኛ እኮ በየቀኑ እዚያችው ላይ ነው የምንወድቅ። ዛሬ ወንድ ስለ ወደቀ ይሠሯት ይሆናል» አለች። ጋሽ ይስማው ብቻ አልሳቁም። ደረጃውን በማግሥቱ አፍርሰን ዞር ብሎ የሚወርድ ለዘብ ያለ መንገድ አደረግነው።

ስለ ደመወዝና ስለ ውሎ አበል አላወራም። ፎርሙ በሦስት ኮፒ ተሞልቶ እስኪመለስ የሄድንበት መንገድ ይረሳን ነበር፤ ይኸው ነው።

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ይስማው ጡረታ ወጡና ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ሉማሜ ገቡ። ጎማ ውሃ ልኩንና የገለባውን ልማድ ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። ወዲያው ደግሞ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ ይኑረው የሚል መመሪያ መጣ። እኔም ራምፕ ሠሪ ሆንሁ። ራምፕ በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መንገድ ነው፤ ልኩ ቀላል ነው፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት ቢያንስ አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት ይፈልጋል። ከዚያ ያጠረ እንደሆነ ወንበሩን የሚገፋው ሰው ክንዱ ያልቃል።

በዚያ ሰሞን ከማርቆስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ የፍርድ ቤት ግቢ እንድሠራ ተላክሁ። የከተማዋን ስም ልተወው። የግንባታው ኃላፊ መጀመሪያ ያዘዘኝ ደረጃ እንዳበዛ ነበር። «ሰባት ይሁን። የመንግሥት ቤት ወጥተው ካልገቡበት ማን ያከብረዋል?» አለኝ። ይህ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ የተከበረ ቤት ሽቅብ የሚወጡበት ነው። ተከራክሬ በአምስት ተስማማን። አምስት ደረጃ ማለት ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለዚያ አሥር ሜትር የሚጠጋ ራምፕ ያስፈልጋል፣ ከሕንፃው ፊት ደግሞ ለዚያ የሚበቃ ቦታ አልነበረም።

ስንዱን ያገኘኋት ይህን ሳወጣና ሳወርድ ነው። ስንዱ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት። በልጅነቷ እግሮቿ በፖሊዮ ስለ ሰለሉ በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው የምትሄደው። በግቢው የላይኛው በር፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ጭኗ ላይ ጣውላ አድርጋ ትጽፋለች። ባለጉዳዩ ነገሩን ከአያቱ ዘመን ጀምሮ ሲተርክላት «ቆይ፣ ቆይ፣ በሬው የጠፋው መቼ ነው?» ትለዋለች። በከተማዋ ከእሷ የተሻለ ክስ የሚጽፍ የለም ይባል ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው ስትጽፍ እሷ ራሷ አንድ ቀን የችሎቱን ወለል ረግጣ አታውቅም፤ የድሮውም ቤት ደረጃ ነበረው።

ችካል ስተክል ጠራችኝ። «ጋሽ ሙሉነህ፣ ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ላንቺ መግቢያ» አልኋት፣ እንደ ቀልድ አድርጌ።

አልሳቀችም። «እውነት ከሆነ የሐምሌ ቀጠሮ አለኝ» አለች።

ክርክሩ ከወንድሟ ከአዳሙ ጋር ነው። አባታቸው ሁለት ክፍል ቤት ትተው ሞተዋል። ስንዱ አንዱን ክፍል ከነጓሮው ተካፍላ ብቻዋን ልትኖርበት ትፈልጋለች። አዳሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «እህቴ ናት፣ እኔ እጦራታለሁ፤ ብቻዋን መኖር እንዴት ትችላለች?» ነው የሚለው። ይህንኑ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አቅርቧል።

«ዘበኞቹ አዝለን እናስገባሽ ይሉኛል» አለችኝ። «ታዝዬ ገብቼ ዳኛው ፊት ብቻዬን መኖር እችላለሁ ብል ማን ያምነኛል?»

«በራስሽ ትገቢያለሽ» አልኋት። ስናገረው ደስ ብሎኝ ነበር።

ብልሃቱ የታየኝ በማግሥቱ ነው። ግቢው ከላይ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ሕንፃው ከፊት ለፊት ከፍ ይበል እንጂ በጎኑ፣ በላይኛው በኩል፣ መሬቱ ከበረንዳው ወለል ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ ራምፕ መውጣት ምን ያስፈልጋል? ከላይኛው በር፣ ከራሷ ከስንዱ መቀመጫ ተነሥቶ ለዘብ ብሎ እስከ በረንዳው የሚወርድ የሲሚንቶ መንገድ አወጣሁ። ጎማ እንዳያደናቅፍ ብዬ መግቢያው ላይ ደፍ የሚባል ነገር አስቀረሁ። ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። በዚያ መንገድ እንደ ስንዱ አሥር ጊዜ ሄጄበታለሁ። ወንበሯን ተበድሬ ስዘውር ባለጉዳዩ ሲስቅብኝ ግድ አልሰጠኝም። እንደ ውሃ ግን አንድ ጊዜም አልሄድሁበት። ገለባው መጋዘን ውስጥ ነበር።

ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ጮቄ ተራራ ላይ የጠቆረው ደመና መጣ። እኔ ማርቆስ ነበርሁ፤ ወሬውን የሰማሁት በስልክ ነው። ጎርፉ ከላይ ወርዶ ያን የመሰለ ልስልስ መንገድ አገኘ፤ ደፍ የለ፣ ከልካይ የለ፣ ሰተት ብሎ ችሎት ገባ። ከችሎቱ አልፎ መዝገብ ቤት ደረሰ። የታችኛው መደርደሪያ መዝገቦች በሰበሱ፤ ሠራተኞቹ በየኮሪደሩ ገመድ ወጥረው የሰውን ክርክር እንደ ልብስ አሰጡት። ከዚያ ውሃ ቤት ሲገባ እኛ አገር ሁሉም የሚያውቀውን መድኃኒት አደረጉ፤ በመግቢያው ላይ ደፍ ሠሩ። ሁለት ብሎኬት ከፍታ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በመንገዴ ጫፍ ላይ የቆመ ደፍ።

መኪና አግኝቼ የደረስሁት በስንዱ የቀጠሮ ቀን ጠዋት ነው። ስደርስ መንገዱ ላይ ነበረች። ነጠላዋ ነጭ፣ ጠጉሯ አዲስ የተሠራ፣ ወረቀቷ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ። መዘወሪያውን በእጆቿ ይዛ ቀስ ብላ ወረደችና ብሎኬቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። አዳሙ ከኋላዋ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

«ነይ ልዘልሽ፤ ሰዓቱ ደርሷል።»

«አልታዘልም።»

«እኅቴ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ስለሚያይ እኮ ነው» አለችው።

ከውስጥ ችሎት አስከባሪው ስሟን ጠራ። «አለሁ!» ብላ ጮኸች። ሁለተኛ ጠራ። «በሩ ላይ አለሁ!» አለች። ከውጭ ሆኖ አለሁ ማለት መቅረብ አይደለም አሏት፤ ዘበኞቹ እንደ ገና እናንሣሽ አሉ፤ እንደ ገና እምቢ አለች። ሦስተኛው ጥሪ ካለፈ በኋላ ከሳሽ አልቀረበችም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። እሷ ወንድሟንም ብሎኬቱንም አላየችም። እኔን ነበር የምታየኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ጎርፍ ቢገባ ቢገባ ወረቀት ነው የሚያበሰብሰው፤ እኔ ግን ሰው በአደባባይ ቃሌን አምኖ እንዲዋረድ አድርጌያለሁ።

ይቅርታ ልለምናት ተጠጋሁ። አላስጨረሰችኝም። «ጋሼ፣ ምስክር ይሆኑኛል?» አለችና ጣውላዋን አውጥታ እዚያው መጻፍ ጀመረች። መዝገቡ እንዲከፈት የሚጠይቅ ማመልከቻ ነው። ያልቀረበችው በቸልታ ሳይሆን መግቢያው ላይ ደፍ ስለ ተገነባባት መሆኑን፣ የተገነባባትም መንገዱ ጎርፍ ስላስገባ መሆኑን፣ መንገዱን የሠራው ባለሙያም ይህንኑ እንደሚያረጋግጥ ይላል። ከግርጌው ለስሜ ቦታ ትታለች።

ኃላፊው ሲሰማ በቁጣ መጣ። «በጽሑፍ ጥፋተኛ ነኝ ልትል ነው? ዝናቡ ከመጠን በላይ ነበር በልና ዝም በል!»

ሐምሌ ውስጥ ስለሚዘንብ ዝናብ «ከመጠን በላይ ነው» ብዬ ብጽፍ ጋሽ ይስማው ምን ይሉኝ ነበር? ፈረምሁ። በፋይሌ ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ገባ፣ በዚያ ዓመት የጠበቅሁት እድገትም ቀረ። ዳኛው ማመልከቻውን አንብበው ከወንበራቸው ተነሥተው እስከ መግቢያው መጡ፤ ብሎኬቱን በጫማቸው ጫፍ መታ መታ አድርገው አዩትና ተመለሱ። መዝገቡ ተከፍቶ፣ ከፍርድ ቤቱ የክረምት እረፍት በኋላ በጥቅምት እንዲቀርቡ ተቀጠረ።

ስለዚህ ነሐሴና መስከረም ነበሩኝ። ሉማሜ ወረድሁ። ጋሽ ይስማውን ያገኘኋቸው መኪና መንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ አውቶቡሶች የሚረጩት ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። ሁሉን ነገርኋቸው።

«እንደ ልጅቷ ሄድህበት?»

«አሥር ጊዜ።»

«እንደ ውሃስ?»

«ገለባው መጋዘን ነበር» አልኋቸው።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አሉና ጃንጥላቸውን አነሡ። «ተነሥ፣ ዝናብ ሳያመልጠን።»

በክረምት ለግንባታ መሬት የሚነካ ሰው የለም፤ ቀን ሠራተኞቹ ሲያዩን ያበዱ ሽማግሎች መሰልናቸው። ጋሽ ይስማው ግን ዝናቡ ሲወርድ በመንገዱ ራስ ቆመው ገለባ በተኑ። ገለባው የስንዱን ጎማ መንገድ ተከትሎ፣ አንዲት ጣት ሳያጓድል፣ ብሎኬቱ ጋ ሄዶ ተጠራቀመ።

«አየህ፣ ለጎማ የመረጥኸው ለውሃም ተመችቶታል። ሁለቱንም እኩል ጋብዘሃቸዋል» አሉኝ። «መንገዱ ጥሩ ነው፣ አታፍርሰው። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ለያያቸው።»

መለያየቱ አንድ ወር ፈጀብን። ከመንገዱ በላይ ሰፋ ያለ፣ ሣር የለበሰ ቦይ አወጣን፤ ከኮረብታው የሚመጣው ውሃ መንገዱን ሳይነካ ዞሮ ወደ ታች እንዲወርድ። መንገዱን ራሱን በስፋቱ በሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን አጋደልነው፤ ከዚያ ቢበልጥ ወንበሩ እየተንሸራተተ ሹፌሩን ያታግላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሜትሮች ደግሞ ቆርጠን ገለበጥናቸው፤ ወደ በሩ ማዘንበላቸው ቀርቶ ከበሩ ወዲያ በጥቂቱ እንዲያዘነብሉ። ሁለቱ ተዳፋቶች በሚገናኙባት ዝቅተኛ ቦታ ላይ አግድም ቦይ፣ በቦይዋ ላይ የብረት ፍርግርግ። ከሥር ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር እግር ይዞ አለቅም ይላል፤ እሱን ዝቀን ጠጠር በስስ በስሱ እየሞላን በመደቅደቂያ መታነው። ብሎኬቱን ያፈረስሁት ግን እኔ ብቻዬን ነኝ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈለግሁም።

ፍርግርጉ ሲመጣ ስንዱ አየችውና «ጋሼ፣ እነዚህ ብረቶች ከእኔ ጋር እኮ ነው የሚሄዱት» አለች። ሁለታችንም አልገባንም። «የፊቷ ጎማዬ ቀጭን ናት። ብረቶቹ በርዝመት ከሆኑ በመሐላቸው ትሰምጣለች። አግድም ይሁኑልኝ።» እውነቷን ነበር። ጋሽ ይስማው ብዙ አይተዋት «ይህችን ልጅ ቀደም ብዬ ባገኛት ኖሮ አንተ ላይ ያን ሁሉ ዓመት አልደክምም ነበር» አሉኝ። ብረቱ ተመልሶ ሄዶ አግድም ተበየደ።

የሞከርነው በጳጉሜ፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። ሰው ሁሉ በረከት ነው ብሎ ዝናቡን በራሱ የሚቀበልበት ቀን። ሦስታችን በረንዳው ላይ ሆነን ጠበቅን። ዝናቡ መጣ፤ ውሃው ወረደ፤ ግማሹ በጎን ቀረ፤ የተረፈው ፍርግርጉ ጋ ደርሶ ገባ። ወለሉ ደረቅ ነበር። ጋሽ ይስማው ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ ዝናቡ ወጡና ቆሙ። ስንዱም መዘወሪያዋን ይዛ ተከተለቻቸው፤ ፍርግርጉን ተሻገረች፣ ዞረች፣ ተመልሳ ተሻገረች። ስንት ጊዜ እንደ ተመላለሰች አልቆጠርሁም፤ ዓይኔ ጭጋግ ለብሶብኝ ነበር።

በጥቅምት ስሟ ሲጠራ «አለሁ» ያለችው ከውስጥ፣ በተራ ድምፅ ነው። እኔ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። ዳኛው ጥቂት ጠያይቀው «ብቻሽን ለመኖር ትችያለሽ ወይ?» አሏት።

«ክቡር ዳኛ፣ እዚህ ማን አመጣኝ?» አለች።

ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ክፍሉ ከነጓሮው ተፈረደላት። አዳሙ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን ዲጂኖ ይዞ መጣና የክፍሏን ደፍ በገዛ እጁ አነሣላት። ጓሮዋን ያስተካከልሁት እኔ ነኝ፤ ክፍያ ስትጠይቀኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን የሚሽር ማመልከቻ ጻፊልኝ አልኋት። ጻፈችው። ኃላፊው አልተቀበለውም እንጂ ጽሑፉስ ግሩም ነበር።

ጋሽ ይስማው ያረፉት ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ነው። ሉማሜ የተቀበሩ ዕለት ኃይለኛ ዝናብ ነበር። ሰው ሲያለቅስ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በየት እንደሚወጣ ሳይ ራሴን ያዝሁት። መጀመሪያ አፈርሁ፤ ከዚያ ሳስበው ከለቀስተኛው ሁሉ የእሳቸውን ነገር የያዝሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አምና በሐምሌ የባለቤቴ ወንድም ምስክር ቆጥሮኝ ወደዚያ ፍርድ ቤት ሄድሁ። የቀኝ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል፤ አሁን በዱላ ነው የምሄደው። ዝናቡ ይወርዳል። አምስቱን ደረጃዎች ከታች አየኋቸውና ዞሬ በላይኛው በር ገባሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ማንም የለም። የስንዱ ጠረጴዛ በረንዳው ላይ፣ ከችሎቱ በር አጠገብ ነው ያለው፤ ዙሪያዋን ባለጉዳይ ከቧት ትጽፋለች።

መንገዱን ስጀምር የማያውቀኝ አዲስ ዘበኛ ሮጦ መጣና ክንዴን ያዘኝ። «አባቴ፣ ይያዙኝ፤ ያዳልጥዎታል፣ ልደግፍዎት።»

ምን እንደምመልስለት ሳስብ ከበረንዳው ድምፅ መጣ። ስንዱ ከወረቀቷ ቀና አላለችም።

«ተዋቸው» አለችው። «በራሳቸው ይገባሉ።»

ዘበኛው ለቀቀኝ። ቀስ እያልሁ ወረድሁ። ዱላዬ አግድሞቹ ብረቶች ላይ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ከሥሩ ውሃው ወደ ጎን ይሄዳል። እኔ ቀጥ ብዬ ገባሁ።